የ«ቆርቆሮ ፈረስ» መሥራች የአቶ ሚልኪያስ ረታ ሕይወትና አገዳደል

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን የድርጅቱ ልጆች በኮምፒውተር አሳምረው ጽፈውት ነበር። አቶ ሚልኪያስን ያሳደገቻቸው አክስታቸው መንበረ በቀለ ግን አልተጠየቀችም። ፊደል አልቆጠረችም፣ አርጅታለች፣ ሐዘኑ ልቧን አዙሮታል፣ የምትለውን አታውቅም ተባለ። በዚያ ወረቀት ላይ አቶ ሚልኪያስ «ባለራእይ ወጣት» ከተባሉ በኋላ «በደረሰባቸው ድንገተኛ አደጋ» ዐረፉ ይላል። መንበረ የምታውቀው ድንገተኛ አደጋ መብረቅ ነው፣ ደራሽ ውሃ ነው፣ ፍሬን የበጠሰ መኪና ነው። ብረት አንሥቶ የሰው በር ድረስ የመጣ ሰው አደጋ አይባልም፤ ገዳይ ነው የሚባለው። ስለዚህ ያንን ወረቀት ቀድዳ ይህንን ከአፏ እየሰሙ እንዲጽፉላት ጎረቤቷን መምህር የኔአለምን አስቀመጠች። በቀብሩ ላይ የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። ጡጦ ይዛ ያሳደገችውን ልጅ አንቱ ማለት ለምላሷ ይከብዳታል፤ ነገር ግን የወረቀቱ ወግ ነው፣ ይሁን።

አቶ ሚልኪያስ ከአባታቸው ከአቶ ረታ በቀለና ከእናታቸው ከወ/ሮ የትምወርቅ ኃይሌ ነሐሴ 16 ቀን 1980 ዓ.ም. በመቐለ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የደብረ ሲና ሰዎች ናቸው። አባታቸው ለመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ሆነው መጥተው በዚሁ ቀሩ። ልጁ ገና ሲድህ ግሬደሩ በአላማጣ ዳገት ተገልብጦ አባትየውን ከሥሩ አደረጋቸው፤ ሥጋቸው ከብረቱ የተለየው በዲጂኖ ነው። እናታቸውም ከዚያ በኋላ እህል አልስማማ ብሏቸው ብዙ አልቆዩም። መንበረ ያን ጊዜ ወንድሟን ተከትላ መጥታ በገበያ አሮጌ ጆንያ ትሸጥ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ልጁን ወደ ሸዋ እንውሰደው» ሲል «የወንድሜ መቃብር እዚህ ነው፤ ልጁም እዚህ ያድጋል» ብላ በጆንያ ክምር ላይ አሳደገቻቸው።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በመቐለ በሓድነት ሰፈር ተማሩ። ትምህርት ቤት «ወዲ ሸዋ»፣ የሸዋ ልጅ፣ እያለ የሚያበሽቃቸውን ልጅ በድንጋይ የፊት ጥርሱን አወለቁት። መንበረ እሳቸውን በሳማ ገርፋ፣ ጥርሱ የወለቀውን ልጅ ቤት ወስዳ አበላችው። ያ ልጅ ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊት የተሸከመው ብየዳ ሠራተኛው ኣስመላሽ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያዩም፤ ጥርሱንም እስከ ዛሬ አላስተከለም፣ «የሚልኪ ማስታወሻ ናት» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የወፍጮ ቤቱን ሞተር ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ይዞ ከግድግዳ ጋር አላተማቸው። ቅንድባቸው ተቃጥሎ፣ ከአፍንጫቸው ደም እየወረደ፣ የጠየቁት «ለምን ገፋኝ? ለምን ይዞ አላስቀረኝም?» ብለው ነው። መንበረ ይህ ልጅ ወይ ይማራል ወይ ይሞታል አለች። ሁለቱም ሆነ።

በ2003 ዓ.ም. ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሆነው እስከ ጦርነቱ ድረስ አገለገሉ። ጥር 2009 ዓ.ም. ከቁሓዋ ልጅ ከወ/ሮ ፍሬ ተስፋማርያም ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ኤልሮኢንና ዳግማዊትን ወልደዋል።

በ2013 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ መንበረ አትዘረዝረውም። እሳቸውን የነካውን ብቻ ትናገራለች። አንዱ ታጣቂ «ከየት መጣህ?» ብሎ በሰደፍ መንጋጋቸውን ሰበረው። መንጋጋው ሳይገጥም ሌላው ደግሞ «ለምን ወደ አገርህ አልሄድክም?» ብሎ በዚያው በኩል ደገማቸው። አገሬ ይህ ነው ለማለት አፋቸው አልከፈት አላቸው። ወራት ሙሉ በቀጭን ሙቅ ኖሩ።

መንገዱ ተዘግቶ ነዳጅ ሲጠፋ የሓድነት ባጃጆች በድንጋይ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እየተወሰደች መንገድ ላይ ሞተች፤ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አቶ ሚልኪያስ ቀብሯ ላይ አላለቀሱም። ከቀብሩ ቀጥ ብለው ኣስመላሽ ዘንድ ሄደው «ያንን የቆመ ባጃጅ አውርደው» አሉት። ከተቃጠለ መጋዘን በፈቃድ የገዙትን የዕቃ ማንሻ ሞተር ገጠሙበት፣ የሶላር ባትሪ ከወንበሩ ሥር አሰሩበት፤ ሄደ። ያለ ድምፅ ሲሄድ ሰው አማተበ። ልጆች «ቆርቆሮ ፈረስ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ድርጅት ማቋቋም እንደ ሠርግ በከበሮ የሚጀመር የሚመስላቸው እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ስሙ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ፈረስ ቁስለኛ ጭኖ ሲሄድ ባትሪው ፈልቶ ፈነዳ። አሲዱ በሾፌሩ በአብዱልወሃብ ጭን ላይ ፈሰሰ፤ ሱሪው ከቆዳው ጋር ተላጦ ወጣ። አቶ ሚልኪያስ በባዶ እጃቸው ባትሪውን ጎትተው ሲጥሉ የግራ መዳፋቸው ተጠብሶ ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጣቶቻቸው አልተዘረጉም። አብዱልወሃብ ሲድን «ሚልኪ፣ ሁለተኛ በእኔ ሥጋ አትሞክር፤ መጀመሪያ በራስህ መቀመጫ ሞክር» አላቸው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ራሳቸው ተቀምጠውበት ያልነዱት ባጃጅ ከግቢው አልወጣም።

ሰላም ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸው ከአቶ መርሻ ጋር ሆነው ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር ወርክሾፕ ከፍተው ድርጅቱን በሕግ አቋቋሙ። መርሻ ከአርሲ ለትምህርት መጥቶ ሚስት አግብቶ የቀረ ነው፤ በመንበረ ቤት በልቶ ያደገ ያህል ነው። መርሻ የፈረንጅ ስም ይውጣለት አለ፣ አቶ ሚልኪያስ «ሕዝብ የጠራውን ስም አልለውጥም» አሉ። በዚያ አሸነፉ። በሌላው ግን ሁልጊዜ መርሻ ያሸንፋቸው ነበር፤ አፍ አለው።

የሸጧቸው የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች የእንዳየሱስን ዳገት አልወጡም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። አንዱ ገዢ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ አንገታቸውን አንቆ «ተገፍቶ የሚሄድ ባጃጅ ከሆነማ አህያ እገዛ ነበር፤ አህያ ቢያንስ ትወልዳለች» ብሎ በጥፊ መታቸው። ቁልፉን ተቀብለው ክረምቱን በሙሉ በዚያ ባጃጅ ከሓድነት መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ እንዳየሱስ እንደ ማንኛውም ሾፌር ሰው እያመላለሱ ዋሉ። ተሳፋሪ ሰደባቸው፣ ረዳት ተፋባቸው፣ ጭቃ ውስጥ ገፉ። ሲመለሱ ሞተሩን ቀየሩት። ጥፊ የመታቸው ሰውዬ ቆይቶ ሁለተኛ ባጃጅ ገዛ፤ ዛሬም እዚሁ ቆሟል፣ እያለቀሰ ነው፣ ያልቅስ።

ሰው መቅጠርንም በደም ነው የተማሩት። ያዘኑለትን ሁሉ ይቀጥሩ ነበር፤ ከግንባር የተመለሰ፣ ከካምፕ የወጣ፣ ሥራ አጣሁ ያለ። አንዱ መዳብ ሲሰርቅ ያዙት። ማረኝ አለ፣ ማሩት። ደግሞ ያዙት፣ ደግሞ ማሩት። በመጨረሻ ሲያሰናብቱት በመፍቻ ግንባራቸውን ከፈለው። መንበረ ሐኪም ቤት ቁስሉ ሲሰፋ እያየች «በመጀመሪያው ቀን ብታባርረው በእግሩ ይሄድ ነበር፤ አሁን በአንተ ደም ላይ ረግጦ ሄደ» አለቻቸው። «እታለም፣ ልክ ነሽ» አሉ። ልክ ነሽ ይላሉ፣ የፈለጉትን ያደርጋሉ።

ወደ ሞታቸው የወሰዳቸው ነገር ዕድገት የሚባለው ነው። ባለፈው ዓመት ብዙ ባጃጅ በአንድ ጊዜ የሚፈልግ ገዢ መጣ። አቶ ሚልኪያስ «ባትሪ የለንም፤ ቀስ ብለን እናስረክብ» አሉ። መርሻ «ሚልኪ፣ ቀስ ያለ ይቀደማል፤ ዕድል በር ላይ ቆማ አትጠብቅም» አለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ መርሻ ያፈሰሰውን ግን የለቀሙት ሌላ ሰው ናቸው። እሳቸው ሳያውቁ ባትሪ ከሌቦች ገዛ። ዕቃው ወርክሾፕ ሲገባ አቶ ሚልኪያስ ገና ሽፋኑን ሲያነሡ ዐወቁት። ከገጠር ጤና ጣቢያ የተነቀለ፣ የልጆች ክትባት የሚያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ ባትሪ ነው፤ የዚያኑ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ከጦርነቱ በኋላ ያለ ክፍያ የጠገኑት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት፤ መንበረ ስለ ሞቱ ብላ አትሸፍንም። ወደ ፖሊስ አልሄዱም። መርሻን «የሸጡልህን ሰዎች ጥራቸው፤ ሽማግሌ አስቀምጬ ይማሉ፣ ይተዋሉ፣ ከፈለጉም ሥራ እሰጣቸዋለሁ» አሉት። መንበረ ስትሰማ «ለሌባ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ሌባ ይያዛል» አለች። «ከጦርነት የወጡ ልጆች ናቸው እታለም፣ እኔም በጦርነቱ ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ፣ አልሞትኩም» ብለው ሳቁ። ሰው እንደሳቸው ልብ ያለው ይመስላቸው ነበር። ሞተር ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ የሚያውቁ ሰው፣ ሰው ሲበላሽ አያውቁም።

ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት ኣስመላሽ ባትሪዎቹን ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ሽማግሌዎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ሦስቱ ሰዎች ቀድመው ደረሱ። ባትሪው የለም። ለፖሊስ አስረከበን ብለው አሰቡ። አቶ ሚልኪያስ ወንበር ሲያቀርቡላቸው አንደኛው ከብየዳው ጠረጴዛ ላይ የባጃጅ አክሰል አንሥቶ ጉልበታቸውን መታቸው። ሲወድቁ ሁለተኛው ያቺኑ የተጠበሰች እጃቸውን በጫማው ረግጦ ያዘ። ሦስተኛው ጭንቅላታቸውን ደጋግሞ መታ። «ተው፣ ልጆች አሉኝ» ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ያገኙት በደም የራሰ ወለልና ገና የሚተነፍስ ሰው ነው።

መንበረ ይህንን ከየት ታውቃለች የሚል ካለ፣ የነገራት መርሻ ነው። መርሻ ያን ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ከውስጥ ቀርቅሮ በበሩ ስንጥቅ ሁሉንም አይቷል። ሐኪም ቤት መጥቶ እግሯ ላይ ወድቆ ነገራት፤ ስማቸው ሲቀር። «እማማ መንበረ፣ ስም ካወጣሁ እኔንም ይጨርሱኛል፤ ዕቃውንም የገዛሁ እኔ ነኝ፣ እታሰራለሁ» አላት። ለፖሊስ ግን «ያን ቀን ባንክ ነበርኩ፣ አላየሁም» ብሎ ቃሉን ሰጠ። የጠራቸውም፣ የሚያውቃቸውም እሱ ብቻ ነው። ፖሊስ ማንን ይያዝ?

አቶ ሚልኪያስ በሐኪም ቤት ከሳምንት በላይ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፍሬን፣ ልጆቻቸውን ኤልሮኢንና ዳግማዊትን፣ አክስታቸውን መንበረን፣ እንጀራቸውን ከቆርቆሮ ፈረስ የሚበሉ ሠራተኞችንና ሾፌሮችን ትተዋል። ወ/ሮ ፍሬ ድርጅቱን አልሸጥም ብላለች። መንበረ አመስግናታለች፤ ያቺን ልጅ በስሟ ትጠራታለች እንጂ ምራቴ አትላትም፣ ልጄ ናት።

አሁን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማኅበር ያሳርፍልን የሚባልበት ቦታ ነው። መንበረ ገና አላለችም።

በአባቶቻችን ጊዜ፣ በሸዋም በዚህም አገር፣ ገዳይ ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አገር በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን በመሐላ ያወጣል፤ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ከብት አይታለብም፣ ልጅም አይጠባም። ዛሬ አገር ተሰብስቧል። ቄሶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ከዳር የቆሙት ሁለት ሰዎችም ፖሊሶች ናቸው፤ መንበረ ናት የጠራቻቸው።

መርሻ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር መነጽር አድርገህ ቆመሃል። መታሰር ፈርተህ ከሆነ ስንቅህን የምታመላልሰው መንበረ ናት፤ በእግሯ ትመጣለች። መገደል ፈርተህ ከሆነ ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው ከፊትህ አቁማልሃለች፤ ነገ ብቻህን ስትሆን የሚያቆምልህ የለም። የኔአለም ወረቀቱን ያጥፉና ዝም ይበሉ። ኣስመላሽ፣ ሣጥኑን አታውርድ፤ ትከሻህ ቢደማም ያዘው። አፈሩ ይቆይ።

መርሻ፣ መነጽርህን አውልቅና ወደ ፊት ና፤ ሦስቱን ስም ከነአባታቸው ጥራ።