ስለ ባለቤቴ ቀኝ እግርና ስለ አዲሱ ኮምፒውተርዎ

ለተከበሩ የጤና መድን ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በተለይም ሁለቱም እግሮችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ድንቅቱ ገርባ በቡራዩ በልብስ ስፌት የምተዳደር የመድኑ አባል ስሆን፣ የምጽፍልዎ የሚኒባስ ሾፌር ስለነበረው ባለቤቴ ስለ ሁንዴ ነው። «ነበረ» ያልኩት ሾፌርነቱን ነው፤ ሰውየውማ ተመስገን፣ አለ።

አስቀድሜ ወረቀት ቀርቶ ሁሉም በኮምፒውተር ስለሆነልን እጅ እነሳለሁ። መስከረም ላይ አዳራሽ ሰብስባችሁን ስትራቴጂክ ዕቅዱን ስታሳዩን፣ ከእንግዲህ ታካሚ አይንገላታም፣ ጤና ጣቢያው ሪፈር እንደጻፈ ሲስተሙ ራሱ ሆስፒታል ይመርጥለታል ብላችሁን ነበር። እሰይ ብለን አጨበጨብን። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

፩ኛ. ኅዳር ላይ፣ ስኳር ያለበት ሁንዴ ቀኝ እግሩ ቆስሎ መጥቆር ሲጀምር፣ ጤና ጣቢያው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ ብሎ ሪፈር ጻፈ። የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከቤታችን በሃያ ደቂቃ፣ ጣሪያው ከግቢያችን የሚታይ ትልቅ ሆስፒታል አለ። ሲስተምዎ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አምቦን መረጠ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ከድልድዩ ወዲያ አዲስ አበባ ስለሆነና እዚያ ውል ስለሌላችሁ ካርዳችን እንደማይሠራ በትሕትና ተነገረኝ። በራሴ ላሳክመው ብል የስፌት መኪናዬ ቢሸጥ እንኳ የሆስፒታሉን መያዣ አይሞላም፤ መድን የገባነውስ ለዚሁ አልነበር? ላም አለኝ በሰማይ!

፪ኛ. በዚያው ሳምንት አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ በሚያቅደው ማስተር ፕላን የተነሳ አገር ተቆጥቶ የአምቦ መንገድ ሆለታ ላይ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ይህን እርስዎም ያውቁታል፣ መኪናዎ ከግቢ አልወጣችም። ሪፈሩ ወደ ድልድዩ ማዶ እንዲቀየርልኝ አራት ቀን ደጅ ጠናሁ። አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ ሌላ ቀን የሚያጸድቀው ሰው ስለ ፈጣን አገልግሎት ሥልጠና ላይ ነው። ሠራተኛዎ «ኦቦ ሁንዴ ትንሽ ይታገሡ» አለችኝ። ሁንዴማ ታግሦ ነበር፤ ያልታገሠው እግሩ ነው።

፫ኛ. በአምስተኛው ቀን መንገዱ ተከፍቶ አምቦ ደረስን። ሐኪሙ ፋሻውን ገልጦ፣ በሦስት ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ብሎ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ላከው። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ፍሬን የሚረግጥበት እግር ነበር።

፬ኛው ቅሬታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ቀያሾች መጥተው አጥራችንን ቀይ ቀለም ቀብተው፣ መሬታችሁ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ፕላን ይገባል ብለውን ሄዱ። መሬታችን ሲፈለግ ወንዙ ድንበር አይደለም፣ ሰው ሲታመም ግን ድንበር ይሆናል ማለት ነው? ክቡር ሆይ፣ አልሸሽግዎትም፣ አንጀቴ እርር ብሏል። ኮምፒውተር አላውቅም፤ ሰው የሚያንገላታ ሰው ግን አውቃለሁ፣ ኮምፒውተሩን ያዘዘውም ሰው ነው።

ለሰጡን ዘመናዊና ወረቀት አልባ አገልግሎት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከባለቤቴ ጋር በሦስት እግር ቆመን የምናከብርዎ፣
ድንቅቱ ገርባ
ቡራዩ፣ ታኅሣሥ ፳፻፰ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የተቆረጠውን እግር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን፤ አምጥተን ቀይ ቀለም ከተቀባው አጥር ሥር ቀበርነው። መሬቱ ወደ አዲስ አበባ የተካለለ ዕለት የሁንዴ እግር ያለ ሪፈር ድልድዩን ይሻገራል። የቀረው ሰውነቱ መቼ እንደሚሻገር ሲስተሙን ጠይቀው ቢያሳውቁኝ።