አሥራ ሰባተኛው ነጥብ

ጥቅምት 4

ሻዬ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘብኝ። የቢሮው መስኮት ዛሬም አልዘጋ ብሎ ዋለ፤ የመንገዱ አቧራ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። ሥራው ግን ሄደ። ካርታ ሣዩ የሰሜኑን ጥግ ጨርሶ አመጣልኝ። አየሁት፣ አንዲት ነጥብ አስተካከልኩ፣ ፈረምኩ።

አርባ ሦስት ነጥብ። በመላ አገሩ ሳይናይት የሚባለው አለትና ዘመዶቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ። በሰሜን፣ በረሃው ዳር፣ ስምንት። የተሰነጠቀውን ሸለቆ ተከትለው እንደተበጠሰ ዶቃ የተረጩ አሥራ ዘጠኝ፤ ከነሱ ግማሽ ያህሉ ትራካይት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው የሳይናይት ወንድም። ምዕራብ ቆላው ውስጥ ቀለበት የሠሩ አምስት ተራሮች። የቀሩት አሥራ አንዱ ደቡብ ላይ ተበታትነዋል። ከስድስት ዓመት በፊት ይህን ሁሉ ባንድ ላይ የሚያውቅ ማን ነበር? ማንም። በየመሳቢያው፣ በየደብተሩ፣ በየጡረተኛው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አንድ በአንድ ለቀምኩት። ልኩራ እንጂ... ደብተሬ ነው፣ ማን ያየኛል?

አሥራ ሰባተኛው የራሴ ነው። ደቡብ ላይ፣ መንታው ኮረብታ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ። ቢሮው ለመስክ ሥራ የላካት የመጀመሪያዋ ሴት ያገኘችው። ናሙናው እስካሁን ኮሪደሩ ላይ መስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ሮዝማ ግራጫ፣ ቅንጣቶቹ ጥፍር የሚያካክሉ። እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። እኔም ሳልፍ አየዋለሁ። በየቀኑ።

ጥቅምት 6

አዲሷ ልጅ ወደ ደቡብ ወጣች። ካርታው ከመታተሙ በፊት ነጥቦቹን በየቦታቸው ሄዳ ታረጋግጣለች። ቢሮ ውስጥ "መዶሻዋ" ነው የሚሏት። ሻይ ቤትም ስትገባ መዶሻዋ ከቦርሳዋ አይወጣም። ደስ ትለኛለች። አልነገርኳትም እንጂ።

ጎረቤቴ ዛሬ አጥር ላይ ያዘችኝ። "ይኼ ሳይናይት የምትይው ነገር ምንድነው ግን?" አለችኝ። "ግራናይት በይው፣ ግን ኳርትዝ የሌለው። ቢኖረውም ለምልክት ነው። ኳርትዝ ያ መስታወት የሚመስለው ቅንጣት ነው።" ትንሽ አሰበች። "እና ስድስት ዓመት ሙሉ የለፋሽው ስለሌለ ነገር ነው?" በሳቅ ልሞት።

ጥቅምት 13

መዶሻዋ ከሰዓት ገባች። ፀሐይ ፊቷን ልጦታል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሦስት ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። ከእግሩ፣ ከወገቡ፣ ከጫፉ።

"እትዬ፣ መንታው ላይ ሳይናይት የለም።"

"አላየሽም ማለት ነው።"

"ግራናይት ነው። ኳርትዙ በዓይን ይታያል።"

ድንጋዮቹን አንስቼ እንኳ አላየኋቸውም። "ጫፉ ድረስ ወጥተሻል?"

"ወጥቻለሁ።"

"በእግርሽ?"

"በእግሬ እንጂ እትዬ፣ በምን ይወጣል?"

ካርታ ሣዩ ሳቁን በሳል ዋጠው። እኔ አልሳቅኩም። ሌላ ኮረብታ ነው የወጣሽው አልኳት፣ በዚያ አገር መንታ የሚመስል ጉብታ እንደ አሸዋ ነው፣ ተመልሰሽ ሂጂ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ "እሺ" ብላ ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ምን ነበር እንደዚያ ያስጮኸኝ? ... አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን አልጽፈውም።

ጥቅምት 14

እጽፈዋለሁ። ከማን ነው የምደብቀው?

እኔ መንታው ላይ አልወጣሁም።

ያኔ፣ ወደ መንታው ልንሄድ በዋዜማው፣ አሥራ ስድስተኛው ነጥብ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። እብጠቱን በሁለት ካልሲ ሸፈንኩ። ብናገር "አላልንም ነበር?" ሊሉ ነው። መላው ቢሮ ያንን ቃል አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ነበር የላከኝ። ስለዚህ በማግስቱ መዶሻውን ይዞኝ ለሚዞረው ሹፌር ሰጠሁት። "ከጫፉ ሰብረህ አምጣ፤ ወድቆ ካገኘኸው ሳይሆን ከተተከለው አለት" አልኩት። መኪናው ውስጥ እግሬን ሰቅዬ ጠበቅኩ። አመጣልኝ። አየሁት፤ ሳይናይት ነው። የመስክ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ "ከጫፉ ላይ፣ ራሴ ያነሣሁት።"

ራሴ... ያቺ ቃል ምን ልትሠራ ገባች?

ሹፌሩ ዛሬ ባሌ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመታችን። በልቤ እስካሁን ሹፌሩ ነው የምለው።

ለማንኛውም ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ሳይናይት መሆኑ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ማንም ይስበረው ማን፣ የዚያ ኮረብታ ነው። የተሳሳተችው ልጅቷ ናት።

ጥቅምት 15

ከሦስቱም ድንጋይ ስስ ቁራጭ አስቆረጥኩ። ብርሃን እስኪያሳልፉ ተሞረዱልኝ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳይኖር፣ አየኋቸው። ኳርትዝ። በሦስቱም። ሞልቶ።

ሌላ ኮረብታ ነው የወጣችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ጥቅምት 22

ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና በሩን ዘጋች። ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። መንታው ነው። ግራው ጉብታ ላይ ያለችውን ስንጥቅ በሕልሜም አውቃታለሁ፤ ያን ቀን ከመኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያት ነበር። አንድ ሰዓት... ያንን ጫፍ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ወጥቶ ይወርዳል? እንዴት ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩም?

"ሁለቱንም ጉብታ ወጣሁ፣ እትዬ። ግራናይት ነው። ግን ሌላ ነገር አየሁ።"

ቀጣዩን ፎቶ አመጣች። ድልድይ። ከኮረብታው ሥር፣ መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጥበት። ግንቡ ሮዝማ ግራጫ፣ ቅንጣቶቹ ጥፍር የሚያካክሉ።

"ድልድዩ ሳይናይት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ኮረብታው ነው ያልሆነው።"

ድልድይ ከሩቅ በመኪና በመጣ ድንጋይም ይሠራል። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ምንም አልጠየቀችኝም። ያ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። "እያት ነበር" አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ምን ማለት ነው "እያት ነበር"? ምላሴ ተሳስሮ ነው።

ጥቅምት 23

እሑድ። ሹፌሩ ግቢ ውስጥ መኪናውን ያጥባል። ጡረታ ከወጣም ወዲህ እሑድ እሑድ ያጥባል፣ ቆሸሸም አልቆሸሸም። በርጩማ ይዤ ወጣሁ።

"መንታውን ታስታውሰዋለህ?"

ጨርቁን ጨመቀ። ውኃ አልነበረበትም፣ ደግሞ ጨመቀው።

"የድልድዩን ነገር ነው የምትጠይቂኝ።"

በርጩማውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ከመንገዱ ወደ ኮረብታው ሲኬድ የሚሻገሩት ቦይ በጎርፍ ሞልቶ ነበር አለ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልጎደለም። ድልድዩ ሥር ከግንባታ የተረፈ የድንጋይ ክምር አየ። "ከዚያው ከኮረብታው የተፈለጠ መሰለኝ። ደሞ ድንጋይ ድንጋይ ነው አልኩ። ሙያው ያንቺ እንጂ የኔ አይደለ። የምታምረዋን መርጬ፣ ጥግ ጥጓን በመዶሻ መትቼ አመጣሁልሽ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ነበር። ስታያት ሳቅሽ። ሦስት ሳምንት ስንዞር ስትስቂ አላየሁሽም ነበር። ከዚያ በድንጋይዋ ሸለሙሽ። ከዚያ ደሞ አገባሁሽ። መቼ ልንገርሽ?"

ጨርቁን ነጥቄ ልመታው ነበር። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት መስታወት ውስጥ የከበረው ነገር አንድ ሹፌር ለወደዳት ሴት የለቀመው ድንጋይ ነው። በዚህ መናደድ ያቅታል።

በራሴ ግን ተናደድኩ። እሱ ዝም አለ። እኔ ጻፍኩ። "ራሴ" ብዬ። ልጅቷን "በእግርሽ ወጥተሻል?" ብዬ ሰው ፊት ያዋረድኳት እኔ... የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 24

ለኃላፊው ነገርኩት። ሁሉንም። ቁርጭምጭሚቴን ሳይቀር። በእኔ እጅ የሠለጠነ ልጅ ነው።

"ነጥቡን እናንሣው" አለ። "አሥራ ስምንት አሥራ ሰባት ይሆናል፣ የቀረውም ይጠጋጋል። አርባ ሁለት ብለን እናትማለን። ማንም አያውቅም። ጡረታዎ ደርሷል፣ ስምዎ ይጠበቅ።"

ለእኔ አስቦ ነው። ደግ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስመጣ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሰብኩ። አንዲት ነጥብ ትጠፋለች፣ ሌሎቹ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ይጠጋሉ፣ አለቀ። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ፌርማታ ያህል።

ከዚያ አርባ ሁለቱን አሰብኳቸው። የሰው እግር ናቸው። በረሃ የወጡ፣ ቆላ የወረዱ፣ አንዳንዶቹ የሞቱ ሰዎች እግር። አንዱን ከሸሸግኩ፣ አርባ ሁለቱን ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 25

"አይጠጋጋም" አልኩት ገና ኮቱን ሳያወልቅ። "አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ አሥራ ስምንት። ባዶው ፊት ለፊትም ይጻፍ፦ ተሰርዟል፤ ናሙናው ከቦታው የተነሣ አይደለም፤ ስህተቱ የናሙና ሰብሳቢዋ ነው።"

"እርስዎ እኮ ያን ነጥብ..."

"አዎ። ያን ነጥብ።"

ድንጋዩን ከመስታወቱ ሣጥን ራሴ አወጣሁት። ይከብዳል። ለካ ነክቼው አላውቅም ነበር፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ።

ጥቅምት 27

መዶሻዋን ሻይ ጋበዝኳት። ሰው ፊት ነበርና ያዋረድኳት፣ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ካርታ ሣዩም ነበረ፣ ጸሐፊዋም። ልጅቷ ብርጭቆዋን ታሽከረክራለች፣ ቀና አትልም።

"እትዬ፣ ሁለተኛ ሲልኩኝ ልዋሽ ነበር" አለች። "አገኘሁት ልል። እርስዎን ከማስቀየም ብዬ። መንገድ ላይ አስቤ ጨርሼው ነበር።"

"ምን መለሰሽ?"

"ጫማዬን ሳስር... እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር ወጥቼ ልየው አልኩ።"

ያን ስሰማ አፈርኩ፣ ኮራሁም። የኔ ቁጣ አንዲት ጥሩ ባለሙያ ሊያበላሽ ነበር። እሷ ግን ከኔ በለጠች። ይህን ደግሞ ነገርኳት።

ታኅሣሥ 11

የኅትመቱ ናሙና መጣ። በእጄ ዳሰስኩት። አሥራ ስድስት፣ ባዶ፣ አሥራ ስምንት። ትንሽ አመመኝ። እንዴት ያምራል ግን።

ጥር 5

ካርታው ዛሬ ተመረቀ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ድሮ አብረውኝ የሠሩ ሽማግሎች። ግድግዳውን የሚያህል ካርታ ተሰቅሏል። ሳየው ደረቴ ተነፋ፣ አልደብቅም። አርባ ሁለት ቦታ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ተነሥቶ በየትኛው መንገድ ሄዶ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል።

ጥያቄ ተባለ። አንዲት ተማሪ ከመሐል ተነሣች። "ከአሥራ ስድስት በኋላ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ ሰባት የት ሄደ?"

ኃላፊው ማይኩን አነሣ። "እሱ እንግዲህ... የአሠራር ጉዳይ..." ሲል ተነሣሁ። አሥራ ሰባት የኔ ነበር አልኩ። ያልወጣሁትን ኮረብታ ወጣሁ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ያመጣልኝን ድንጋይ ራሴ አነሣሁት አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተከበርኩበት። ስህተቱን ያገኘችው እቺ ናት ብዬ መዶሻዋን አስነሣኋት።

ድሮ "ሴት ተራራ አትችልም" ሲሉ ከነበሩት አንዱ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። አየሁት። አላፈርኩም።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሹፌሩ ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ቆመ። "ሌላ ሰው ያለችው እኔ ነኝ" አለ። "ድንጋዩን ከድልድይ ሥር ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር።" ተቀመጠ። ጥፋቴን ሊሸከምልኝ የመጣ ባል። አለቀስኩ፣ አዎ፣ ሰው ፊት።

ተማሪዋ ግን አልተቀመጠችም። "ታዲያ የድልድዩ ድንጋይ ከየት መጣ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ሳይናይት በዚህ አገር ሲጠየቅ ሠላሳ ዓመት የሚዞረው ወደ እኔ ነው።

"አላውቅም" አልኩ። "ካርታው ላይ ካሉት ከአርባ ሁለቱ ጋር አመሳከርነው። ከአንዳቸውም አይደለም። የሆነ ቦታ አለ፣ አላገኘነውም።"

ካለፉት ዓመታት ንግግሬ ሁሉ ያኮራኝ ይኼ ነው። ከወጣሁ በኋላ አየሁ፣ ተማሪዎቹ መዶሻዋን ከበው ስማቸውን ያስመዘግባሉ። መቼ እንደምትሄድ፣ ስንት ሰው እንደምትወስድ ይጠይቋታል።

መኪናው ውስጥ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ። "ፍለጋ ሲወጡ እኔ ልንዳቸው?" አለ። "ያኔ በዚያ መንገድ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ያጋጥሙኝ ነበር፤ በየት በኩል ይመጡ እንደነበር አስታውሳለሁ።"

"ንዳቸው" አልኩት። "እኔ ግን መኪና ውስጥ አልጠብቅም።"