ላስቲኩ ያልተቀደደ ሄልሜት

ይድረስ፣ መልስ እንደማትጽፍልኝ ለማውቀው ለባለቤቴ ለደሱዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ጉዳይ በጥሞና አስታውቅሃለሁ፦ ገብስማዋ ዶሮ ሄልሜትህ ውስጥ ታቅፋለች። ዘጠኝ እንቁላል።

አርባህ ወጥቷል፤ ሰማንያህም እየቀረበ ነው። «ሄልሜት ደግሞ ከየት አምጥቼ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከቀበርንህ በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ቦታህ ፎርማን ይዞልህ መጣ። ቢጫ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ብቻ ፈርሚልን፤ የሟችን ንብረት መረከብሽን ነው» አለኝ። ወረቀቱን ሳነበው ግን፣ ሟች የተሰጠውን ሄልሜት ባለማድረጉ፣ ከፎቅ የወደቀ ብሎኬት መትቶት በራሱ ጥፋት ሞተ ይላል።

«ላስቲኩን ሳይቀድ ኖሯል እንዴ የያዘው?» አልሁት።

«ጠንቃቃ ሰው ስለነበረ ይሆናል፣ እንዳይቆሽሽበት» አለኝ፣ ሳያፍር።

«ጠንቃቃ ከነበረማ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?» ስለው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር። በችኮላው ሄልሜቱን ትቶት ሄደ።

ከአሸተን ተራራ ሥር ያለውን የዚያን ሆቴል ሳይት ጉድ እኮ ካንተው አፍ ሰምቼዋለሁ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያለው አምስት ሄልሜት ብቻ ከመጋዘን ይወጣል፣ እንደ እድር ድንኳን ከሰው ሰው ይዞራል፣ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይቆለፋል። አንድ ቀን ግንባርህ ላይ የማሰሪያው ምልክት ወጥቶብህ መጣህና «ዛሬ ለግማሽ ሰዓት ሰው ሆንሁ» ብትለኝ፣ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። ታናሽ ወንድምህ ሲሳይ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ ሲሚንቶ ያቦካል፤ ባዶ ራሱን። ከበላዩ፣ ሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ፣ ብሎኬቱ እንደዚያው ተደርድሯል፤ የሚያግደው አንድ ጣውላ የለም። እኔ ከፈረምሁ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ደግሞ እነሱ ምን ያስተካክላሉ?

የነፍስ አባታችን እንኳ «የሞተ አይመለስ፣ ልጄ፤ ፈርሚና ተገላገይ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ደሱስ አይመለስም፤ እኔ የምለው ሲሳይ ማታ ማታ እንዲመለስ ነው» አልኋቸው።

ሌላው ሻማ እያበራ ያስብህ። እኔ የማስብህ ባለመፈረም ነው፤ በየሳምንቱ ቢመላለሱም አልፈርምም።

ያንተው ብርቄ

ማስተካከያ፦ በቀብሩ ዕለት ለለቀስተኛው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» በማለት የሰጠሁት ቃል ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ቀኑ አልደረሰም ነበር፤ አንድ ጣውላ የሚመታ ሰው ጠፍቶ ነው።