ታራይቪኒ ዓሣዬን የበላችልኝ ጠዋት

ተመረጥን እትዬ፣ ተመረጥን! የወደቡ ዳስ ለእኛ ሆነ! ከእንግዲህ ትልቁ መርከብ እዚህ ሳቩሳቩ ወደብ በቆመ ቁጥር፣ በጀልባ የሚወርደው መንገደኛ ሁሉ ቁርሱን የሚበላው ከእኔና ከታራይቪኒ እጅ ነው። የተፎካከረን የሆቴሉ ሰውዬ ድስቱን ሰብስቦ ሄዷል።

እንዴ! ሰላምታውን ዘልዬው ገባሁ፤ ደስታ ሰው አያስቀምጥ። እንደምን ከርመሻል እትዬ አካኒሲ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የኢንቨርካርጊል ብርድ ዘንድሮም አጥንት ይሰረስራል ወይ? ሎሳሊኒን ሳሉ ለቀቃት? ባልሽ ኢሊያሳስ የሌሊቱን ሥራ ትቶ ቀን ገባልሽ? እኛ ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፣ ጆሮዋ ብቻ ነው እንደ ልቧ የሚሆነው፤ የምትፈልገውን ትሰማለች፣ የማትፈልገውን «ምን አልሽ?» ትላለች። የአንቺን ስም ስጠራ ግን አንድም ቀን «ምን አልሽ?» ብላኝ አታውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከተራራው መንደር ከወረደችው ከታራይቪኒ ጋር ወደቡ ላይ ቁርስ መሸጥ እንደጀመርን ጽፌልሽ ነበር። እሷ ከምድር ሰዎች ናት፣ እኔና አንቺ ከባሕር ሰዎች። ካሳቫውን እሷ ታመጣና ፍል ውኃው ውስጥ ትቀቅለዋለች፤ ዓሣውን እኔ አመጣና በኮኮናት ወተት እሠራዋለሁ። የባባካውን ሊጥ ተራ በተራ አቡክተን በዘይት እንጠብሳለን። የሎሚ ቅጠል ሻዩ ግን እሷ ካላፈላችው አይጣፍጥም፤ ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት። ቀኑን ሙሉ ስንሰዳደብ ነው የምንውለው። «አንቺ ጨው የበላሽ!» ትለኛለች። «እግርሽን ታጠቢ፣ ጭቃሽ ሊጡ ውስጥ ገባ» እላታለሁ። የማያውቀን ሰው ገላጋይ ይጠራል።

የመርከብ መንገደኛ ቁርስ ሲበላ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እቀየም ነበር፣ አሁን ዝም ብዬ አያለሁ። ጀርመኖቹ ዳቦው ሲቆረስ ካልጮኸ ዳቦ አይመስላቸውም፤ የእኛን ለስላሳ ባባካው፣ ያመመው ይመስል፣ በጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉታል። አውስትራሊያኖቹ ያንን ጥቁር ጨዋማ ቅባታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ይቀቡበታል። እንግሊዞቹ የቆርቆሮ ባቄላ ይሻሉ፣ ያውም ጣፋጭ፤ ስኳር ባቄላ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ብጠይቅ ያስረዳኝ የለም። ቻይናዎቹ ከሁሉ በፊት የፈላ ውኃ ይጠጣሉ፣ ባዶውን። አሜሪካኖቹ በረዶ የሞላበት። በጠዋት ዓሣ ሲያዩ ፊታቸው የሚበራው ጃፓኖቹ ናቸው፣ እነሱም የኮኮናቱን ወተት በማንኪያ ገለል አድርገው ነው። ታዲያ ሁሉም የጎረቤቱን ሳህን እያየ «ይኼ ደግሞ በጠዋት ይበላል?» ይላል። ሁሉም፣ በየቋንቋው!

ባለፈው ወር የመርከቡ የምግብ ኃላፊ መልእክት ላከ። ፈርናንዴስ ይባላል፣ የጎዋ ሰው ነው፣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የምትሸጡበትን ዳስ ከእንግዲህ ለአንድ አቅራቢ ብቻ ነው የምንሰጠው፣ መንገደኞች ቀምሰው ይመረጣል አለ። ከተማው ውስጥ ሆቴል ያለው ሰውዬም ወዲያው ገባበት። የእሱ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳህን፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ የቆርቆሮ ዓሣና ቶስት። ታራይቪኒ ዳሱን ካጣን ሱቫ ከተማ ልጇ ጋ ልትጠቀለል ወስና ነበር። «እንደገና መንገድ ዳር ዛፍ ሥር አልቀመጥም፣ ወገቤ አልቻለም» ብላኛለች። ለእኔ የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም እትዬ። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ልሰዳደብ?

የቅምሻው ዕለት ፈርናንዴስ ከየአገሩ ጥቂት ጥቂት መንገደኛ መርጦ መጣ። እኛ በአንዱ ጫፍ፣ የሆቴሉ ሰውዬ በሌላው። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አውስትራሊያዊት ባልቴት፣ ሚስስ ዶሪን ይባላሉ፣ ዓሣዬን ላይ ታች አዩትና «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ብዪው፣ አበላሉን ልይ» አሉኝ። ፈርናንዴስ ማንኪያ አቀበለኝ። እኔም ተቀበልኩ።

ተቀብዬ ቀና ስል ታራይቪኒ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማለች! የባሕር ሰው ልጅ ሆኜ፣ የምድር ሰው ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ዓሣ አፌ ላስገባ? ጨዉን እንኳ የምቀምሰው እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ነው።

«ታሪ፣ እባክሽ አንዴ ወደ ውጭ በዪልኝ» አልኳት በቋንቋችን፣ ፊቴን ፈገግ እንዳደረግሁ።

«ለምን ብዬ? ዳሱ የእኔስ አይደል?» አለች። «ብዪ እንጂ፣ ጨው የበላሽ! እንደ ወጉ ሳህኑን ልነጥቅሽ እጄን እየበላኝ ነው።»

«ዳሱ ሊሄድብን ነው፣ አንቺ ጭቃ!»

«ታዲያ ማንኪያውን ማን ተቀበይ አለሽ?»

እውነቷን ነው። ማን ተቀበይ አለኝ? ማንኪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። የፈርናንዴስ ፊት ጠቆረ። «ያበሰለችው ራሷ የማትቀምሰውን ለመንገደኛ ላቀርብ?» ሲል ሰማሁት። የሆቴሉ ሰውዬ ቶስቱን አስተካከለ።

ያን ጊዜ የታራይቪኒ ሳቅ ጠፋ። ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሳህኑን ከፊቴ አነሣችና ከጭንቅላቱ ጀምራ፣ ዓይኑን ሳትተው፣ ጣቷን እየላሰች ዓሣውን በላችው። አጥንቱን ለሰው ሁሉ አሳየች። ቀጥላ ወደ ሆቴሉ ሰውዬ ጠረጴዛ ሄደች፣ ሳይፈቅድላት አንድ ሳህን አንሥታ መጣች፣ የቆርቆሮውን ዓሣ ለራሷ አስቀርታ የአሳማውን ሥጋ ወደ እኔ ገፋችው። የምድር ሰው ደግሞ እኛ እያየነው አሳማ አይነካም አይደል? በላሁት። ጨው በዝቶበታል፣ ግን ጠርጌ በላሁት።

ሚስስ ዶሪን ግራ ገብቷቸው ምንድን ነው የምታደርጉት አሉ። «የአያቶቻችን ወግ ነው፤ እሷ እያየችኝ እኔ ዓሣ አልበላም፣ እኔ እያየኋት እሷ አሳማ አትበላም። ዓሣ የማመጣው ለእሷ ነው፣ አሳማ የምታመጣው ለእኔ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሟቹ ባላቸው ስኮትላንዳዊ እንደነበሩ ነገሩኝ፤ ገንፏቸውን በጨው ይበሉ ነበር፣ የሚስታቸውን ስኳር ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «አንድ ቀን እንኳ የእሱን አልቀመስኩለትም» አሉና ሌላ የዓሣ ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የቀረበላቸውን እንቁላል ግን አጠገባቸው ለተቀመጠው ጀርመን ሰጡት። እሱ ባባካውን ለቻይናዊቷ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን ምን እንደገፋ መከታተል አቃተኝ፤ እንደ ገበያ ሆነ።

ፈርናንዴስን ያሳመነው ግን የባልቴቷ ወሬ አይደለም። የወጥ ቤት ሰው ነው፤ ሁሉም ሲነሣ ሄዶ ያየው የትርፍራፊውን ባልዲ ነው። የሆቴሉ ሰውዬ ባልዲ ውስጥ የተነከሰ ቶስት፣ የተጎረደ ሥጋ፣ ሳይነካ የቀረ የቆርቆሮ ዓሣ ሞልቶበታል። የእኛ ባልዲ ውስጥ አጥንትና የሎሚ ቅጠል ብቻ። ሰው የማይወደውን ሳያበላሸው ለሚወደው ገፍቶታላ! «መርከቡ ላይ በየቀኑ የምጥለውን ብታዪ ታለቅሺ ነበር» አለኝ። ከዚያም «ዳሱ የእናንተ ነው፣ ግን ሁለታችሁም ስትቆሙ ብቻ ነው፣ አንዳችሁ ከጎደላችሁ የለም» አለ።

ታራይቪኒ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንግዲህ ይህችን የዓሣ ሽታ ዕድሜ ልኬን ልሸከማት ነው!» ወዲያው ልጇ ጋ ደውላ ሱቫ እንደማትመጣ ነገረችው። ስልኩን ዘግታ ደግሞ ሊጥ ማቡካት ጀመረች፤ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ መርከቡ እኮ ሄዷል። እኔም እጄን ታጥቤ አብሬያት አቦካሁ።

በይ እንግዲህ፣ ኢሊያሳን ከነድካሙ ሰላም በዪልኝ። ሎሳሊኒን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ትንሹን ፔኒን «አክስትህ ባባካው በፖስታ አይላክም ብላለች» በዪው። አማትሽን እመት ሴሩዋን ጤናቸውን ጠይቂልኝ፣ ለላኩልኝ ሹራብ እግዜር ይስጥልኝ በዪያቸው፤ እዚህ ለብሼው ላብ አጥምቆኛል፣ እሱን ግን አትንገሪያቸው። ታራይቪኒም ሰላም ብላሻለች፣ ከስድቧ ጋር።

ዳሱን የምንመርቅበት ቀን ተቆርጧል። የተራራው ሰዎች አሳማ ይዘው ይወርዳሉ፣ የእኛዎቹ መረብ ይጥላሉ፣ እማማም አዲስ ቀሚስ አሰፍታለች። አንቺም ኢሊያሳም ልጆቹም እመት ሴሩዋም፣ ማንም እንዳይቀር። ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቁ። ቅዳሜ ኦገስት 3 ቀን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሳቩሳቩ ወደቡ ላይ!

እህትሽ ኡላሚላ
ሳቩሳቩ፣ ፊጂ፣ ጁላይ 9 ቀን 2019