ስሜ የሌለበት ጽሑፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የዳዊት የምርምር ጽሑፍ ታትሞ አየሁ። አዲስ አበባ አብረን ስንማር ጽሑፉ የሚያወራለትን ከብዙ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ቅንጣት ከሰው ሴል ውስጥ ሳይፈርስ ለይቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስሜ ግን የለም።

ከቦንጋ ገበያ ጫጫታ ራቅ ብዬ ደወልኩለት።

«አንቺ እኮ ለማስተማር ቦንጋ ገባሽ፤ ሥራውን የተውሽው መስሎኝ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ ብዬ የቤተ ሙከራ ደብተሬን የሰጠሁህ ለዚህ ነው?»

 «አሁን ስንደግመው ቅንጣቱ፣ ለማጥራት ስናጥበው እየፈረሰብን ነው። ማጠቢያው ፈሳሽ ላይ ጨው ምን ያህል ነበር የምትጨምሪው?» ሲል ጠየቀኝ።

ደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት ያንን ብቻ ነበር። ነገርኩት። ለእሱ ብዬ ይሁን ለሥራው፣ እንጃ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳይለኝ ስልኩን ዘጋው።