ለጉብኝት መጥቶ ስለ ሄደው የደረጃ መደገፊያ

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ ስምምነቶች ሪፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ አሳንሰር ባለው ሕንፃ ውስጥ ስለሚገኝ ለጉልበትዎ ብዙም አልሠጋም፤ ነገር ግን ደብዳቤዬ የጉልበት ጉዳይ ስለሆነ ሰላምታዬን በእርሱ መጀመሩ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

እኔ ከመንግሥት ቤቶች በአንዱ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር የምኖር ጡረተኛ የጋዜጣ አራሚ ነኝ። አገራችን ለዜጎቿ ምቹ መኖሪያ ልታሟላ በዓለም ፊት ፈርማ ቃል እንደገባች፣ ቃሏን እንዴት እንደጠበቀችም በየጊዜው ሪፖርት እንደምታቀርብ፣ ሪፖርቱን የሚያዘጋጁትም እርስዎ እንደሆኑ ያወቅሁት የውጭ ታዛቢዎች ሕንፃችንን ሊጎበኙ ሲመጡ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ የራሴ አገር የፈረመችውን አለማንበቤ ያሳፍራል። ይህን ግን ለአማቴ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው እንደሆነ በእኔ ላይ የሚያፌዙበት ነገር አጥተው አያውቁም።

አማቴ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈራችን ግማሽ ሰው ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሳቸው እጅ ነው። አሁን ጉልበታቸው ስለከዳቸው መደገፊያ በሌለው ደረጃ መውረድ አይችሉም። ከመንገዱ ማዶ ምድር ቤት የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ደግሞ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንዷ ከበረንዳ፣ አንዷ ከደጃፍ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ የቀረውን ጨዋታ እኔ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ አመላልሳለሁ። አማቴ በአገልግሎቴ ብዙም አልረኩም፤ «ይሄ ሰውዬ ግማሹን ወሬ ደረጃ ላይ እየጣለው ነው የሚመጣው» ይላሉ።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. የመደገፊያውን መምጣት በተመለከተ፦ የቤቶች አስተዳደርን ለዓመታት ለምነን «በጀት የለም» የተባልንበትን ነገር ሠራተኞችዎ በጉብኝቱ ዋዜማ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈጸሙት፤ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መደገፊያ ብረት ተከሉልን። በማግስቱ አማቴ ብረቱን ጨብጠው፣ በየፎቁ ቆም እያሉ፣ «ወይ ጉድ! ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር?» እያሉ ወረዱ። ከእህታቸው ጋር ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው ሲያሙ ዋሉ፤ እኔም ሥራ ፈትቼ ዋልኩ። ለዚያ ቀን ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ይህኛው ምስጋና የእውነት ስለሆነ ከሚከተሉት ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ያኑሩልኝ።

፪. የእኔን ንግግር በተመለከተ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡት ወይዘሮ ነዋሪዎችን ወክዬ እንድናገር እኔን መረጡኝ፤ መብቶችም በአንድ ጀንበር ሳይሆን «በሂደት እንደሚሟሉ» አስጠኑኝ። ሐረጉ ልቤን ማረከው። ታዛቢዎቹ ስለ ውኃ ሲጠይቁኝ በሂደት፣ ስለ ጣሪያው ሲጠይቁኝ በሂደት አልኩ። ስለ ደረጃው ሲጠይቁኝ ግን ብረቱን መታ መታ አድርጌ «ይኸው ተሟልቷል!» አልኩ። ይህ ቃሌ «አንድ አረጋዊ ነዋሪ በእርካታ እንደገለጹት» ተብሎ በሪፖርትዎ ሲወጣ «አረጋዊ» የሚለው ቅር ቢለኝም ገጹን አሳትሜ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩበት። ቤት ውስጥም ዕቃ እንዳጥብ ስጠየቅ «በሂደት ይሟላል» ማለት ጀመርኩ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ እራቴን የምታቀርበው በሂደት ነው።

፫. የመደገፊያውን መሄድ በተመለከተ፦ ታዛቢዎቹ እንደሄዱ እነዚያው ሠራተኞች ቁልፎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ብሎን ሊያጠብቁ የመጡ መስሎኝ ሻይ አፈላሁላቸው። ፎርማኑ «ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ጫፍ ያዝ ያድርጉልን» አለኝ፤ ያዝኩ። «ትንሽ ወደ ታች» አለኝ፤ ወረድኩ። እንዲህ እያልን ምድር ደርሰን ብረቱን መኪናው ላይ ከጫንን በኋላ ነው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ትዝ ያለኝ። ለካ ታዛቢዎቹ ሌላ ሰፈር ሌላ ሕንፃ ሊጎበኙ ኖሯል። ክቡር ሆይ፣ መብቱን የተነጠቀ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል፤ መብቱን በገዛ ትከሻው አውርዶ፣ ጭኖ፣ «በርቱ!» ብሎ የሸኘ ግን ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። አማቴ ሁሉንም ከበረንዳ አይተዋል። ስገባ «ሻዩስ፣ ስኳር በቃቸው?» ብቻ ነው ያሉኝ።

፬. ፈቃድን በተመለከተ፦ በራሳችን ወጪ መደገፊያ እንድንተክል የቤቶች አስተዳደርን ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ፣ ሕንፃው በአገራዊው ሪፖርት መሠረት መደገፊያ ስላለው ሁለተኛ መትከል አይፈቀድም የሚል ነው። ማስረጃ አምጡ ብል ገጹን አውጥተው አሳዩኝ፤ የእኔው ቃል ነው። በሕይወቴ የተናገርኩትን ሰው አምኖ ሲጠቅስልኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለጊዜው ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅዎትም።

ደስታዬ የቆየው ሰፈር እስክደርስ ነው። የአማቴ እህት ዓይናቸው እየደከመ ሄዷል። ያን ዕለት ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ሦስተኛ ፎቅ ለተሰጣ የጎረቤት አንሶላ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አገኘኋቸው። «ዛሬ እህቴ ደህና ታወዛውዛለች» አሉኝ። እኔም አራሚ መሆኔን ረሳሁና ሳላርም አለፍኩ። ይህን ወሬ ለአማቴ አላደረስኩም፤ ደረጃው ላይ ጣልኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ብረቱን እንዲመልሱልን፣ ይህ ባይሆን ቃሌን ከሪፖርቱ እንዲሰርዙልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሁለቱም ከከበዱ የብረቱን የጉብኝት ፕሮግራም ይላኩልን፤ እህትማማቾቹን በሰው ጀርባም ቢሆን አዝለን ብረቱ ካለበት ወስደን እናገናኛቸዋለን።

ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ አሳንሰርዎም እንዳይበላሽ እየተመኘሁ፣
በሪፖርትዎ የረካው፣ በቤቱ ግን ገና በሂደት ላይ ያለው፣
የአራተኛ ፎቅ አረጋዊ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ትሕትና ሳሳምር የአማቴ ትዕግሥት አለቀ። በሕንፃችን ምድር ቤት የሚሠራውን በያጅ ከበረንዳ ጠርተው፣ ፈቃድ የለንም ቢላቸው፣ «አንተን ከእናትህ ሆድ ሳወጣህ የማንን ፈቃድ ጠይቄ ነበር?» አሉት። ከአሮጌ የአልጋ ብረት የተሠራ መደገፊያ አሁን ቆሟል፤ ደብዳቤውን ላነብላቸው ስፈልጋቸው እህታቸው ዘንድ ወርደዋል። ለሚቀጥለው ሪፖርትዎ እንዲያመችዎ፣ ይህኛው የታሰረው በብሎን ሳይሆን በብየዳ መሆኑን አሳውቃለሁ፤ ለሌላ ሕንፃ ካስፈለገዎ ደረጃውን አብረው መንቀል ይኖርብዎታል። የሚሸከም ሰው ከጠፋ ግን ቤቴን ያውቁታል።