ሾላዎቹ ከማዶ ነበሩ

ይድረስ ለአባዬ፤

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ነገ ትላለች። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ቤቱንም ቆርቆሮ አልብሰነዋል። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር መጻፍ ፈርቼ ነው።

አሁን ሐይቅ ከተማ ተቀጥሬ በመሬት ልኬታ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት በሳተላይት የተነሳ የአገራችንን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። ሐይቁ ጠቆር ብሎ ተኝቷል፤ ወንዛችን ከቀሚስ ጫፍ እንደተመዘዘ ክር እየተጠማዘዘ ደለሉን ይዞ ይገባበታል። ደስ ብሎኝ ማሳችንን ፈለግሁ። ከዚያ እኔ ዳዴ በምልበት ጊዜ የተነሳውን አሮጌ ፎቶ ከጎኑ አደረግሁት። አባዬ፣ በአሮጌው ላይ ሾላዎቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ በጎረቤታችን በጋሽ ሰይድ በኩል።

ወንዙ ድንበራችን ነበር፤ ከወዲህ የእኛ፣ ከወዲያ የእሳቸው። ለካ መንገዱን ቀይሮ ሾላዎቹንና ያንን ለም መሬት ወደ እኛ ጥሎት ኖሯል። ጋሽ ሰይድ መሬቱን በሽማግሌ ሲጠይቁህ፣ ወንዙ ከጥንትም እዚሁ ነበር ብለህ ማልክ። እሳቸውም አንተ ከማልክ ይሁን ብለው ተነሱ። ከእማዬ ጀርባ ቆሜ ኮርቼብህ ነበር።

የበሰለውን ሾላ እየመረጥክ፣ ጉንዳኑን እፍ እያልክ የምታበላኝ እዚያው ጥላ ሥር ነበር። አውቀህ ነው የማልከው ወይስ ረስተህ? የወንዝ ዳር ሰው ወንዙ የት እንደነበረ እንዴት ይጠፋዋል እላለሁ። ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሲገፋ አልታወቀህም ይሆናል እላለሁ። ተናድጄብሃለሁ።

በቀብርህ ዕለት ጋሽ ሰይድ መቃብርህን ሲቆፍሩ ነው የዋሉት። ዛሬም ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ እማዬን ሳይጠይቁ አያልፉም። ለእማዬ ስነግራት የአባትሽን ስም ከመቃብር አታውጪው ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ሁለቱን ፎቶዎች አትሜ ጋሽ ሰይድ ቤት እሄዳለሁ። መሬቱ የእርስዎ ነው እላቸዋለሁ። አባቴ ተሳስቶ ነበር እላለሁ፤ ዋሽቶ ነበር አልልም፣ አላውቅማ።

እስካለሁ አስታውስሃለሁ፤ ደግነትህንም ያንን መሐላም፣ አንዱን ከሌላው ሳልለይ። በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ስምህን በምን ድምፅ እንደምጠራው ገና አላውቅም።

ልጅህ